ዓመት ሙሉ ፀሐይ የሞቀው ቀይህ

ሙሉዬ፣ የኔ ጌታ፤

ከተለየኸኝ ትናንት ዓመት ሞላ። ዛሬ የምጽፍልህ ላለቅስብህ አይደለም፤ ልቅሶውንስ ጠግቤዋለሁ። ይህን ደስታ ካንተ በቀር የምነግረው ሰው ስላጣሁ ነው። አሸነፍህ!

ያችን ቀይ አበባ የታተመባትን ጨርቅ ታስታውሳለህ? በፋብሪካው ቀለም ቤት ስትቀምመው የከረምኸው ቀይ ነው። አለቃህ የጣና ፀሐይ በወር ያገረጣዋል፣ ለገበያም አይወጣም ብሎህ ነበር። አንተም ተናደህ መጣህና ጨርቁን በሐይቁ በኩል ባለው ግድግዳችን ላይ ወጥረህ በምስማር መታኸው፤ ግማሹን በጣውላ ሸፈንኸው። ዓመት ሙሉ ማንም እንዳይነካው፣ ጣውላው ሲነሳ በፀሐዩና በጥላው ግማሽ መካከል መስመር ከታየ ተሸነፍሁ፣ ካልታየ አሸነፍሁ አልህ። በሳምንቱ ወባ ጣለህ፤ አልተነሳህም።

ለቅሶ ቤት ላይ ቀይ ሲታይ ምን እንደሚባል ታውቃለህ። የእድሩ ሴቶች ይውረድ አሉ፤ እናትህም አኮረፉኝ። እኔ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሼ፣ ግድግዳዬ ቀይ አበባ ለብሶ ከረምን። በኋላ መላ አገኘሁ። በዚህ በአብዮት ዘመን ቀይ ጨርቅ ሲወርድ የቀበሌ ሰው ቢያይ ምን ይለናል አልኋቸው፤ ከዚያ ወዲያ ማንም ትንፍሽ አላለም። ብትሰማ ሆድህን ይዘህ ትስቅ ነበር። በክረምቱ ግን አሳዝኖኝ ነጠላዬን ላለብሰው ተነሥቼ፣ ቁጣህ ትዝ ሲለኝ ተመልሼ ተቀመጥሁ።

ትናንት ሙት ዓመትህ ወጥቶ ሰው ሲበተን አለቃህ አልሄድ አለ። ለካ እሱም ቀን ሲቆጥር ኖሯል። ጥቁሬን እንደለበስሁ ወጥቼ ጣውላውን ነቀልሁት። ሙሉዬ፣ መስመር የለም! እናትህ ዓይናቸውን አላምን ብለው በጣታቸው ዳሰሱት። አለቃህ ከሩቅ አየ፣ ከቅርብ አየ፣ በመጨረሻ ባርኔጣውን አወለቀ። ቅመማውን የጻፍህበትን ደብተር ለምኖኝ ወሰደ። በሚመጣው ወር ቀይህ በፋብሪካው ጨርቅ ላይ ይታተማል።

ዛሬ ጠዋት ጥቁሬን አወለቅሁ። ከመጀመሪያው ጣቃ ቀሚስ አሰፋለሁ፤ እናትህም ለእኔም ይሰፋልኝ ብለዋል፣ ያውም እሳቸው! ቅዳሜ ገበያ ስወጣ ያንተን ቀይ ለብሶ የሚሄደውን ሁሉ ቆሜ አየዋለሁ።

ግድግዳው ላይ ያለችውን ግን አላወርዳትም፤ ጣውላም አልመልስባትም። አንተንም ከእንግዲህ ጓዳ ተደብቄ አይደለም፤ ከሥሯ፣ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጬ ነው የማስብህ።

ያንተዋ ጥሩነሽ