ላገር በባና ሲያድር

ጥር 15፣ ከሰዓት፣ መሐል ሜዳ

ሳጥኖቹ እየወረዱ ነው የምጽፍልሽ፣ ማስታወሻዬ። ቢራው ከደ/ብርሃን ደረሰ። የማስቀምጥበት የለም፤ መጋዘኔ በበግ ጠጉርና በባና ብርድ ልብስ እስከ ጣሪያው ሞልቷል። ሾፌሩን ታደለን በጠርሙሱ ላይ ያለው ላገር የሚል ቃል ምን እንደሆነ ጠየቅኩት። በደርግ ጊዜ ጀርመን ተልኮ መካኒክነት የተማረ ነው። በእነሱ ቋንቋ መጋዘን ማለት ነው አለኝ። የወታደር ሰፈርም፣ እስረኛ የሚታጎርበት ግቢም ላገር ነው። ቢራው ብርድ ቤት ተኝቶ ስለሚበስል ስሙ ወጣለት። እንግዲያ መንዝን ይወዳል አልኩ። ግቢ ይደር።

እሑድ ዘመሮ ላይ ሠርግ ነው። የሙሽሪት አባት ጋሽ ደምሴ ለከተማ አማቾቻቸው ቢራ ቃል ገብተዋል። እኔን አምነው።

ጥር 16፣ ማለዳ

ውርጭ። ሣሩ ነጭ። የላይኛው ሳጥን ጠርሙሶች ተሰነጣጥቀዋል። የታች የታቹ ደህና ይመስላል። ታደለ ሄዷል፤ እስከ ሰኞ አይመለስም፣ ምትክ የሚያመጣልኝ የለም። በእሱ አልፈርድም፤ የጥርን ሌሊት የማውቀው እኔ ነኝ። ጋሽ ደምሴ በአማቾቻቸው ፊት ካፈሩ ዘመሮ ላይ ማን ከእኔ ይገዛል?

ረፋድ። ጠጉሩን ግማሹን መኝታ ቤቴ አስገባሁ። ሳጥኖቹን በቦታው። ዙሪያውን ጠጉር ጠቀጠቅኩ፣ ከላይ ባና ደረብኩ። ጎረቤቴ አስካለ በአጥር አየችኝ። ቢራው አራስ ነው እንዴ፣ እቴ፣ ገንፎም አገንፊለት አለች።

ጥር 17

ሌሊቱ ከትናንቱ ባሰ። አንዱን ከፍቼ ቀመስኩ። አረፋው አለ። ግን ከመሃል ያወጣሁት ነው፤ የዳር የዳሩን አላውቅም።

ጥር 18፣ ማታ፣ ዘመሮ

እፎይ። የቀሩት ሁሉም ደህና። ጠርሙስ በተከፈተ ቁጥር ጆሮዬ እዚያ ነበር። ለጋሽ ደምሴ ጠዋት እውነቱን ነግሬያቸዋለሁ። ኋላ የሙሽራው አባት ጠርሙሱን እያገላበጡ፣ ምነው ጠጉር አወጣ አሉ። ጋሽ ደምሴ ወደ እኔ አየት አድርገው፣ «የመንዝ ቢራ ነዋ፤ ባና ሳይለብስ አያድርም» አሉ። ድንኳኑ ሳቀ።

ጥር 19፣ መ/ሜዳ

ጠዋት ከቀየት አንድ ሰው መጣ። ለልጁ ሠርግ ቢራ አሳድሪልኝ አለ። ትናንት ሠርጉ ላይ ሰምቶ ነው። መጋዘኔን እያየ፣ ላገሩ ይሄ ነው አለኝ። አላረምኩትም፤ ታደለ እንዳለው ከሆነ ልክ ነው።

ወሰንኩ። መጋዘኑን በጣውላ ለሁለት አስከፍላለሁ። ቢራው ከውስጥ፣ ጠጉሩ ከግድግዳው በኩል። አናጢው ደጅ ቆሟል፣ ልነሳ።