ባቡሩ እስኪያልፍ

ጥቅምት 6

ዛሬም ያው ነው። ቀኑን ሙሉ ላውንደሪ ውስጥ ቆሜ የሰው ሸሚዝ ስተኩስ ዋልኩ። የራሴ ቀሚስ እንደተጨማደደ... ማን ሊያየኝ ደግሞ።

ቤት ስደርስ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ ቦርሳዋን አንግታ በር ላይ ቆማለች። "በልቷል። ተጣልተናል። ደህና እደሪ" ብላኝ ሄደች። እኔ ሥራ ስውል አባዬን የምትጠብቅልኝ እሷ ናት። ሳይጣሉ የዋሉበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ከኋላ መስኮታችን ሥር፣ አሮጌው ሐዲድ ላይ፣ ቢጫ ቆብ ያደረጉ ሰዎች ችካል ይተክላሉ። የአባዬ ዓይን ብርሃንና ጨለማን ብቻ ነው የሚለየው፤ ጆሮው ግን የወደቀ መርፌ አያመልጠውም።

"ምንድን ነው የሚመቱት?"

"ችካል። ቀላል ባቡሩን እስከዚህ ሰፈር ሊያመጡት ነው አሉ።"

"በአሮጌው መስመር?"

"በአሮጌው።"

"ያ ባቡር ስንቴ ምላጭ አስነሥቶኛል!" ብሎ ሳቀ። እውነቱን ነው። የፊተኛው ክፍላችን የአባዬ ፀጉር ቤት ነበር። ባቡሩ ሲመጣ መስታወቱ ይንቀጠቀጣል፣ አባዬ ምላጩን ከደንበኛው ጉንጭ ላይ ያነሳል፣ እጁን ሰቅሎ ይቆማል። ሰውየውም ከነአረፋው አገጩን ቀና አድርጎ ይጠብቃል። ልጅ ሆነን የሆነ ነገር ስንለምነው መልሱ ሁሌ "ባቡሩ ይለፍ" ነበር።

ጥቅምት 12

ጋሼ ደወለ። ታላቅ ወንድሜ ነው፤ የሚኖረው ሌላ ከተማ ነው፤ ቤቱ ሰፊ ነው፣ ሚስቱም ደግ ናት።

"አባዬን ልውሰደው። አንቺም እኮ ሰው ነሽ" አለኝ።

ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። ከሐዘን አይደለም፤ እፎይ ብዬ ነው። ሌሊት የማልነሣበት እንቅልፍ... እንዴት ያለ ነገር ነበር እሱ?

ለአባዬ ነገርኩት። "ባቡሩ ሲያልፍ ልስማና እሄዳለሁ" አለ።

"መቼ ነው የሚያልፈው?"

"እኔ ነኝ እንዴ የምሠራው?"

ጋሼም ተስማማ። እንግዲህ ነፃ የምወጣው ባቡሩ ሲያልፍ ነው።

ኅዳር 3

ኤክስካቫተር መጣ። ማታ ማታ "ዛሬ ምን ሠሩ?" ይለኛል። እነግረዋለሁ። ዛሬ "ከውኃ ታንከሩ አልፈው ቆፍረዋል" አልኩት። ገና ታንከሩ ጋ አልደረሱም። ትንሽ ጨመር አድርጌበት ነው። የምቸኩለው እኔ ነኝ እንጂ ኤክስካቫተሩ ምን ቸኮለ?

ኅዳር 19

እሑድ። አንሶላ አጥቤ ሳሰጣ አቧራው መጣ። እንደገና አጠብኩ። እንደገና መጣ። ተውኩት።

አባዬን ስላጨው መሬት የሚጠቀጥቀው ሮለር በመስኮቱ ሥር ሥራ ጀመረ። ወለሉ ተንቀጠቀጠ።

"አንሺ!" አለ አባዬ።

አነሣሁ።

"መሬቱ ሲንቀጠቀጥ እጅሽን ታነሻለሽ። እስኪያልፍ ትጠብቂያለሽ። ከዚያ ካቆምሽበት ትቀጥያለሽ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሳልቆርጥ የኖርኩት በዚህ ነው።"

ምላጩን ሰቅዬ ቆምኩ። ሮለሩ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ክንዴ ዛለ። "ይሄ ሰውዬ ሊያልፍ ነው ወይስ እዚሁ ሊከርም?" አለ አባዬ። አረፋው ጉንጩ ላይ ደረቀ።

ታኅሣሥ 8

ሥራው ከቆመ ሰነበተ። አንድ ሰው የለም። አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ብቻ አጥሩ ሥር ፀሐይ ይሞቃል። ዛሬ ፎርማኑ ብቅ ሲል አየሁትና እየሮጥኩ ወረድኩ።

"መቼ ነው የምትጨርሱት?"

"ይቅርታ እናቴ፣ ጩኸቱ እንደሚያስቸግር እናውቃለን..."

እናቴ! በዕድሜ እኩያዬ ነው እኮ።

"ጩኸቱን ማን ከሰሰ? አፍጥኑት ነው የምልህ!"

እንደ እብድ አየኝ። ሐዲዱ ገና አልመጣም አለ። ማታ ለአባዬ ነገርኩት።

"አይቸኩሉ" አለ ረጋ ብሎ።

አይቸኩሉ! ለሱ ምን ቸገረው? ሳላዋራው ተኛሁ።

ታኅሣሥ 9

ልብስ ሰፊዋ "ምን አድርገሽው ነው? መጣች ወይ፣ መጣች ወይ ሲለኝ ዋለ" አለችኝ።

ጥር 14

ሐዲዱ መጣ። መንገዱን የሚዘጋ ረጅም መኪና ነው ያመጣው። አሁን እየበየዱት ነው።

"ብየዳው ምን ይመስላል?"

"ብልጭ ብልጭ ይላል።"

"ብልጭ ብልጭማ አምፖልም ይላል። ደህና አድርገሽ ንገሪኝ እንጂ።"

መስኮቱ ጋ ሄጄ በደንብ አየሁ። በያጁ ተንበርክኳል፤ ጭምብሉን ለማውረድ አንገቱን አንዴ ወደ ታች ነቅነቅ ማድረግ ይበቃዋል። ረዳቱ ጭምብል የለውም፣ እና ብልጭታው በተነሣ ቁጥር ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል፣ እንዳኮረፈች ሙሽራ። ይህን ስነግረው አባዬ እስኪያስለው ሳቀ። ሰው ካሳቅኩ ስንት ጊዜዬ ነው?

ከዚያ እሱ ቀጠለ። እማዬ ለፀጉር ቤቱ ሙቅ ውኃ ስታመጣ ባቡሩ ከደረሰባት ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች በሩ ላይ ትቆም ነበር አለ። እሱ እጁን ሰቅሎ፣ እሷ ማንቆርቆሪያ ይዛ፣ ዓይን ለዓይን እየተያዩ... "መንደሩ ሁሉ ያንን ባቡር ሲረግም እኔ ምነው በረዘመ እል ነበር" አለኝ። ይህን ሰምቼው አላውቅም። በዚህ ዕድሜዬ።

የካቲት 2

ሥራ ቦታ አለቃዬ "ብቻሽን ምን ያስቅሻል?" አለችኝ። ለአባዬ የምነግረውን እያዘጋጀሁ ነበር።

ግን ደግሞ መልአክ አይደለሁም። ሌሊቱን ሁለት ጊዜ አልጋው ረጠበ። ሁለት ጊዜ ተነሥቼ ቀየርኩ። ወገቤ ተቆረጠ። ጠዋት ሻዩን ልብሱ ላይ ሲደፋው ጮኽኩበት።

"ይሄ ባቡር በመጣና በተገላገልኩ!" አልኩት። ፊት ለፊት።

"ቀርቧል ልጄ" አለ።

ምነው በሰደበኝ! ቀኑን ሙሉ ካውያውን የተጫንኩት በንዴት ነው። በማን ላይ እንደሆነ እንጃ።

የካቲት 20

ምሰሶዎቹ ቆመዋል። ሽቦውም ተዘርግቷል፣ ከመስኮታችን ፊት ለፊት።

"ሽቦው ተሰቀለ?"

"ገና ነው" አልኩ።

ከአፌ አመለጠኝ። ዓይኔ እኮ ሽቦው ላይ ነው!

"ገና ነው?"

"ገና።"

"እሺ። ሽቦ ከባድ ሥራ ነው" ብሎ ብርድ ልብሱን ሳበ።

ለምን ዋሸሁ? በጨመርኩበት አፍ አሁን እቀንሳለሁ... እየደከመኝ ነው፣ እንዲሄድ እፈልጋለሁ። ይሄ አልተለወጠም። ግን ማታ ገብቼ "ዛሬ ምን ሠሩ?" የሚለኝ ከሌለ ያን ሁሉ ለማን ልነግር ነው? ለካውያው?

መጋቢት 5

አጥሩን አነሡት። ቆርቆሮ ሲነቀልና ሲወረወር ዋለ።

"ምንድን ነው ይሄ ሁሉ መንኳኳት?"

"አጥር እየጨመሩ ነው።"

"ጥሩ። አጥር ጥሩ ነው።"

ልብስ ሰፊዋ ከመነጽሯ በላይ አየችኝ። በር ድረስ ተከትያት ስወጣ "ምንድን ነው ነገሩ?" አለችኝ።

"ተይኝ።"

"እኔ ምን አገባኝ። ብቻ እሱም ቀን ቆርቆሮው ሲወርድ ሰምቶ፣ ምን ይመስልሃል ብለው፣ እንጃ ጆሮዬ ደክሟል አለኝ። ጆሮው! መርፌ ሲወድቅብኝ የት እንዳለ የሚነግረኝ ሰውዬ!"

መጋቢት 11

ጋሼ ደወለ። መስመሩ ቅዳሜ እንደሚከፈት ዜና ላይ ሰምቷል። መኪና ይዞ ይመጣል። "እሺ" አልኩ። ምን ልበል? ስመኘው የከረምኩት ነገር ነው።

የአባዬን ሻንጣ አሰናዳሁ። ሸሚዞቹን ተኮስኩ። በእጁ ሻንጣውን ዳሰሰው፣ ዚፑን ከዳር እስከ ዳር።

መጋቢት 17

ጋሼ ጠዋት ደረሰ። አቀፈኝ፤ "ከስተሻል" አለኝ። ሻንጣውን ወደ መኪናው ወሰደ።

አባዬ "ምራቴ ፊት እንደ ሽፍታ ሆኜ አልቀርብም፣ ላጪኝ" አለ። መስኮቱ ጋ አስቀምጬ አረፋውን ቀባሁት። ቀኝ ጉንጩን ጨረስኩ። ግራውን ጀመርኩ።

ደወል ሰማሁ። ወለሉ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ተንቀጠቀጠ። እጄ ራሱ ተነሣ። እኔ አላነሣሁትም። ምላጩን ሰቅዬ ቆምኩ፣ አባዬም አገጩን ቀና አድርጎ፣ እንደ ጥንት ደንበኞቹ። መንኮራኩሩ ሽው ብሎ አለፈ። "ቀጥይ" አላለኝም።

ጋሼ እየሮጠ ገባ። "አለፈ! አባዬ፣ ሰማህ? አለፈ እኮ!"

"ምኑ?"

"ባቡሩ ነዋ!"

"የቱ ባቡር? የቆሻሻ መኪና ነው።"

"አባዬ... ደወሉን አልሰማህም?"

"የቆሻሻ መኪናም ደወል አለው። እሷን ጠይቃት። እኔ ዓይን የለኝም፤ የምታይልኝ እሷ ናት።"

ጋሼ ወደ እኔ ዞረ። እጄ አሁንም እንደተሰቀለ ነው። ከቆምኩበት የባቡሩ ጅራት በውኃ ታንከሩ በኩል ሲታጠፍ ይታየኛል፤ ነጭ ነው፣ አዲስ፣ መስታወቱ የሚያበራ። አንድ ቃል ብናገር ዛሬ ሌሊት ተኝቼ አድራለሁ። አሰብኩት፤ አልዋሽም፣ ደህና አድርጌ ነው ያሰብኩት። አንሶላውን፣ ወገቤን፣ እየተንገዳገድኩ ሥራ የምሄድበትን ጠዋት።

"የቆሻሻ መኪና ነው" አልኩ።

ጋሼ መስኮቱን አየ። እኔን አየ። ግማሽ ፊቱ አረፋ የሆነውን አባቱን አየ። ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

"ትልቅ መኪና ነው" አለ።

"ትልቅ ነው" አለ አባዬ። ከዚያ ወደ እኔ፣ "ምን ትጠብቂያለሽ? ካቆምሽበት ቀጥይ።"

ግራ ጉንጩን ጨረስኩት። አልቆረጥኩትም።

መጋቢት 25

እሑድ። ጋሼ ከወር ወር እየመጣ ሁለት ሌሊት እሱ ሊነሣ ቃል ገብቷል። እናያለን።

አባዬን ለመላጨት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ምላጩን ባሳረፍኩ ቁጥር ደወሉ። ማንሣት፣ መጠበቅ፣ መቀጠል። "አሁንም አሁንም ቆሻሻ የሚነሣበት ሰፈር!" አለ አባዬ። "ምን ዓይነት ቆሻሾች ብንሆን ነው?" ስስቅ አረፋው አፍንጫው ላይ ተደፋ።

አቧራው ስለቀረ አንሶላው በአንድ እጥበት ደረቀ። ወገቤ ያው ነው። ደክሞኛል።

አንዱ ሲያልፍ ቀና ብዬ አየሁ። ተሳፋሪዎቹ ፊታቸውን መስታወቱ ላይ ለጥፈው ያዩናል። ምን ይሉ ይሆን? አረፋ የተቀባ ሽማግሌና ምላጭ የሰቀለች ሴት። ለአባዬ ነገርኩት።

"ሰዎች አሉበት?" አለ።

"ሞልተውበታል።"

እጁን አንሥቶ ወደ መስኮቱ አወዛወዘ። "እነዚህ የጽዳት ሠራተኞች" አለ፣ "በእሑድም አያርፉም።"