ሮሲልዳ ከወባ ተርፋ በሰላም ተገላገለች

ልጄ ኔሊዳ፣ አምላክ በሰው አገር ጥላ ከለላ ይሁንሽ። የማድሪድ ብርድ አጥንት ይገባል ይሉኛል፤ እባክሽ ካልሲ አድርጊ። እኛ ደህና ነን፤ የማራኞን ወንዝ ሞልቶ ደጃችን ቢደርስም ካሳቫውን ቀድመን ነቅለነዋል።

እህትሽ ሮሲልዳ መውለጃዋ ሲቃረብ በትኩሳት ተንቀጠቀጠች። አማቷ ኤውላሊያ "የእርግዝና ብርድ ነው፤ የዛፍ ቅርፊት መረቅ ይበቃታል" ብላ በሩን ዘጋችብኝ።

"እትዬ፣ የአንቺ የልጅ ልጅ የእኔም ነው፤ ዞር በይ!" አልኳት።

እየተሳደበች የጀልባውን መቅዘፊያ ራሷ ያዘች። ጤና ጣቢያ የሮሲልዳ ደም ሲመረመር ወባ ተገኘባት፤ ለነፍሰ ጡር የሚሆነውን መድኃኒት ሰጧት። ትኩሳቱ ሲለቃት "ድኛለሁ፣ ይብቃኝ" ብትል፣ ኤውላሊያ ፊቷ ተቀምጣ "ዋጪ! ሳትጨርሺ ንቅንቅ አልልም" አለቻት።

ትናንት ሴት ልጅ ወለደች፤ ወፍራም፣ ጯሂ! መንደሩ በሙሉ በጀልባ መጥቶ ሲጨፍር ዋለ፤ ዓሣውም ሙዙም ተጠበሰ። ኤውላሊያ አጎበሩን ሰቅላ "እጁን የሚያስገባ ወዮለት!" እያለች ትጠብቃታለች። እኔማ ደስታዬን የት ላድርገው!

ስም ግን አላወጣንላትም። አንቺ አውጪላት፣ ልጄ። ያወጣሽላትን ስም ስትጠሪ አቤት የምትልሽ ትሁን፤ ከአንቺም ጋር አምላክ በጤና ያገናኘን።

እናትሽ ዞይላ