ያልታወቀው ጉንጭ

ውድ እታለም፣

ምስሉ ሳይወጣ ሹልክ ብለሽ መሄድሽ ሳያንስ ስልክሽንም ዘጋሽ። እኔ ደግሞ ታውቂኛለሽ፣ ወሬ ሆዴ ውስጥ አያድርም። ስለዚህ ጻፍኩልሽ።

የሰው ገላ ያበራል ስልሽ መጀመሪያ ስቀሽብኝ ነበር። «አምፖል ነን በይኛ!» አልሽ። የሁላችንም ገላ ያበራል፤ ዓይን ሊያየው ከሚችለው እጅግ ስለሚያንስ ነው የማናየው። የቤተ ሙከራችን ካሜራ ግን ይለቅመዋል፤ ይበልጥ የሚጎላውም ፊት ላይ ነው። ይህን ስነግርሽ ሳቅሽ ቆመ።

«የሞተው ጎኔስ?» አልሽኝ።

ያ በሽታ ግማሽ ፊትሽን ካሰረው ወዲህ ከቤት ወጥተሽ አታውቂም፤ ለዚህ ጥያቄ ግን ወጣሽ። እኔም መልሱን ለማወቅ ቸኩዬ እንቅልፍ አጣሁ።

ሰዓትና ቀለበትሽን አስወልቄ፣ ቆዳሽ ከውጭ ይዞት የገባው የፀሐይ ብርሃን እስኪጠፋ ጨለማው ክፍል ውስጥ አስቀመጥኩሽ። ሻሽሽን ግን ረሳሁት። በመጀመሪያው ምስል አንዱ ጉንጭሽ ቦግ ብሎ ሲታይ አለቃዬ ከወንበሯ ተነሳች። ኋላ ነው ገብቶን የሳቅነው፤ ያበራው የሸፈንሽበት ሻሽ ኖሯል። ነጭ ማድረጊያ ባለው ሳሙና የታጠበ ልብስ እንዲህ ያታልለናል።

ሻሹ ይውለቅ ስልሽ ጠየቅሽኝ።

«አንቺም አታዪኝም?»

«እንኳን አንቺን የገዛ እጄን አላይም!»

ከዚያ ጨርቁ ሲፈታ ሰማሁ። እታለም፣ እዚያ ጨለማ ውስጥ አልቅሻለሁ፤ ብነግርሽ ምን ቸገረኝ። መብራት ሳበራ ግን ተሸፋፍነሽ በሩ ጋ ደርሰሻል።

ምስሉ ደብዛዛ ነው፤ የአፍሽ መጣመም እንኳን አይለይም። የሚታየው ብርሃኑ ብቻ ነው፣ ከንፈርሽ ዙሪያና ሁለቱም ጉንጮችሽ ላይ። ሁለቱም ላይ! እኔ ስለምወድሽ እንዳይሆን ብዬ አይቶሽ ለማያውቀው የነርቭ ሐኪማችን ወሰድኩለት።

«ከሁለቱ የታመመው የቱ ነው?» አልኩት።

መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ፣ አመነታ። በመጨረሻ ጣቱን ጤነኛው ጉንጭሽ ላይ አሳረፈ።

ብርሃኑ ፊትሽን ይፈታዋል አልልሽም፤ በአንድ ምስልም ብዙ አይባልም። ለምን እንዲህ እንደሆነም አናውቅም፤ እኔን ያቁነጠነጠኝ እሱ ነው። ሞቷል የሚለውን ግን ከእንግዲህ አልሰማሽም። ሐሙስ ከሰዓት መጥቼ እወስድሻለሁ፣ ደግመን እናነሳሻለን። እስከ ጨለማው ክፍል በር ድረስ ሻሽ ይፈቀዳል።

ወሬኛዋ ታናሽሽ