አባባ ያላቃጠለው ማሳ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለባሮክ፣ ጅግጅጋ።

እንደምን ከረምክ? ሙቀቱስ እንዴት ይዞሃል? ባለቤትህ ትሕትና ከወለደች ወዲህ በረታች? ሕፃኗስ ሌሊት ታስተኛችኋለች? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ዝናቡ አልከፋም፤ እንሰቱም ቅጠሉን ዘርግቷል። ምንም አልጎደለብንም ብዬ ልጨርስ ነበር፤ ግን የአባባ ነገር አለ። በስልክ ያልነገርኩህ አጠገቤ ሆኖ ስለሚሰማ ነው።

ዓይኑ እየደከመ ነው። ሐኪሙ ሞራ ነው፣ በቶሎ ይገፈፍ ብሎናል። አባባ ግን ጦርነት ላይ ነኝ ብሎ እንቢ አለ። በጊፋታ በዓል የጀመራችሁትን የናፖሊዮን ጦርነት የሰሌዳ ጨዋታ ማለቱ ነው። ተኳርፋችሁ በማግስቱ ከሄድክ ጀምሮ ሰሌዳው ጠረጴዛው ላይ ነጠላ ለብሶ ተቀምጧል። እኛ ምሳችንን ጉልበታችን ላይ አድርገን እንበላለን። አቧራ ስጠርግ እንኳ፣ ወታደሮቹን እንዳትነቀንቂ ይለኛል።

ባለፈው ሰሞን፣ አንተ በቁራጭ ወረቀት ተርጉመህ የተውከውን ደንብ ለቃቅሜ አነበብኩና፣ በባሮክ ፈንታ ፈረንሳይን ልያዝ አልኩት። ሳቀብኝ። ዶሮ ከጓሮ ማባረር ያቃተሽ ሞስኮ ልትገቢ ነው ወይ አለኝ። እኔም፣ የሩሲያ ጦርህ ሲያፈገፍግ ማሳውን ለምን አያቃጥልም፣ ደንቡ ይፈቅድ የለም ወይ፣ ናፖሊዮን ስንቅ ያጣ ነበር አልኩት።

ነጠላውን ከሰሌዳው ላይ ገለጥ አደረገ። ከዚያ በክፉው የረሃብ ዘመን፣ ሁምቦ ሳሉ፣ አያታችን የቀረቻቸውን አንዲት እንሰት ነቅላ ለጎረቤት ልጆች ጭምር እንዳካፈለች አወራኝ። የቆመ እህል ላይ እሳት አልለኩስም፣ በካርቶንም ቢሆን አለ። በተኳረፋችሁ ቀን "ለካርቶን እህል የሚያዝን ጄኔራል" ብለህ ስትስቅበት ይህን አታውቅም ነበር። እኔም አላውቅም ነበር፤ አብሬህ ስቄያለሁ።

ፈረንሳይን ግን አልሰጠኝም። የባሮክን ጦር ሌላ ሰው አይመራውም ብሎ ነጠላውን መልሶ አለበሰው። ወንድሜ፣ አባት ልጁን ይቅርታ ሲጠይቅ በአገራችን አላየንም፤ ከእሱም አትጠብቅ። ለገና ና። ተጫወቱ፣ ያሸነፈው ያሸንፍ፣ ከዚያ እጁን ይዘህ ሐኪም ቤት ትወስደዋለህ። ለእኔ እንቢ ያለውን ለአንተ እንቢ አይልም።

ትሕትናን አጥብቀህ ሳምልኝ። ሕፃኗን ማርያማዊትን ጉንጯን ሳምልኝ። ባለቤቴ እስራኤል ናፍቆኛል ይላል። ጎረቤታችን ወይዘሮ ብሩክታይትም ሰላም ብላሃለች። አባባ ስጽፍ አየኝና ለማን እንደሆነ ጠየቀኝ። ሰላምታ ልጻፍልህ ወይ ብዬ ብጠይቀው አልፈለገም። በር ላይ ሲደርስ ግን ዞሮ፣ ተራው የእሱ ነው በይው አለኝ።

እህትህ አሳየሽ
ወላይታ ሶዶ፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.