ዱልሲ የምትታጠበው እሑድ እሑድ ነው

ይድረስ ለወንድሜ ለግራንት፤

እንደምን ከርመሃል? ያ ጎንበስ ባልክ ቁጥር የሚይዝህ የጀርባ ሕመም ሻል አለህ? ኤይልሳስ ደኅና ናት? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? ፈርገስ ያንን ሳሉን ተወው? ሞራግስ ጥርሷ በቀለ? እዚያ አሁን በጋ ስለሆነ ባሕሩ ትንሽ ሳይራራላችሁ አይቀርም ብዬ ራሴን አጽናናለሁ። እኛ እዚህ አለን። ብርዱ ግን ዘንድሮ በርትቷል፤ ጠዋት ጠዋት ግቢው ሁሉ ውርጭ ለብሶ ያድራል፤ ፀሐይ ስትወጣ ግን ቀኑ ደስ ይላል።

በስልክ ሳወራህ ኖሬ ዛሬ ወረቀት ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። አንተ በደወልክ ቁጥር አባዬ ወንበሩን ስቦ አጠገቤ ይቀመጣል። እሱ እየሰማ እውነቱን መናገር አልቻልኩም። ባለፈው ወር «ደኅና ነው፣ እንደ ድሮው ነው» ያልኩህ ውሸት ነበር፤ ይቅር በለኝ። አሁን ሁሉንም ከሥሩ ልንገርህ፤ ታገሥና እስከ መጨረሻው አንብበው።

ነገሩ የጀመረው በዱልሲ ነው። ዱልሲን ያመጣት ማን እንደሆነ ታውቃለህ፤ እማዬ ናት፤ ጣት የምታክል ጢማም እንሽላሊት ሳለች የማሳደጊያ ፈቃድ አውጥታ አሳደገቻት። ማጠቡን ግን ከመጀመሪያውም ለአባዬ ነበር የሰጠችው። እሑድ ረፋድ ላይ ኮፍያዋን አድርጋ ከበር ስትወጣ «ከቤተ ክርስቲያን እስክመለስ አጥበህ ጠብቀኝ» ትለው ነበር። እሱም ያጥባታል። የጉድጓዱ ውኃ ከጥልቅ ምድር ሙቀት የተነሣ ከቧንቧው እየፈላ ስለሚመጣ ሌሊቱን በባልዲ ያደረውን እየቀላቀለ፣ በክንዱ ውስጠኛ በኩል እየሞከረ፣ ለብ ሲል ሳፋው ውስጥ ያስቀምጣታል። ውኃው ከትከሻዋ አያልፍም። አንድ እጁን ከደረቷ ሥር ያደርግና አሥር ደቂቃ ያህል ቁጭ ይላል፤ ስልክ ቢጮህ እንኳ አይነሣም። ከዚያ በፎጣ አድርቆ ከምትሞቅበት አምፖል ሥር ይመልሳታል። አርባ ዓመት ሙሉ ለሰው ከብት ውኃ ሲያወጣ የኖረ ሰው፣ ጠብታ የማያባክን ሰው፣ ለእሷ ግን ሳፋውን ሳይሰስት ይሞላላት ነበር። እማዬ ከሞተች በኋላም አንድ እሑድ አልዘለለም።

በሜይ ወር መጀመሪያ ዱልሲ መብላት ተወች። ፌንጣ አፍንጫዋ ሥር ሲዘል እያየች ዝም ትላለች። ጢሟ፣ ያ ከጉሮሮዋ ሥር ያለው እሾሃማ ቆዳ፣ ጠቆረ፤ አፏን ከፍታ ትተነፍሳለች፤ ጆሮዬን ሳስጠጋ ከውስጥ እንደሚፈላ ነገር ይሰማል። እኔ ጥፋቱን በአምፖሉ ላይ አደረግሁት። አባዬ ማታ ማታ እየረሳ ያጠፋዋል ብዬ ፊት ለፊት ተናገርኩት። ተቀየመኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ሻይውን ብቻውን ጠጣ።

ቅዳሜ ዕለት በፒካፑ ጭነናት ቻርልቪል ወዳለችው የእንስሳት ሐኪም ሄድን። መንገዱን ሁሉ አባዬ ሣጥኑን ጭኑ ላይ አድርጎ በሹራቡ ሸፍኗት ነበር። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ትሕትና ያላት ልጅ። መጀመሪያ የጠየቀችው በየስንት ጊዜው እንደምትታጠብ ነው። አባዬ ቀና ብሎ «እሑድ እሑድ። ሚስቴ ያወጣችው ሕግ ነው፤ አንድም ቀን አልሳትኩም» አላት። እሷም ዱልሲን ገልብጣ ሆዷን አሳየችን። ቆዳው ከመጠን በላይ ርሶ ለስልሷል፤ እዚህም እዚያም ቢጫ የፈንገስ ምልክት አለበት። ሳንባዋም ታሟል አለች። ቃሉን መርጣ፣ ማንንም ሳትወቅስ፣ ይህች እንስሳ ከውኃ የምትወጣበት ጊዜ የላትም ማለት ይቻላል አለችን። በሳምንት አንዴ ይበቃታል፤ ቆዳዋን በምትጥልበት ሰሞን ሁለቴ ቢሆን ግድ የለም፤ ማታ በፍጹም፤ እርጥብ ሆና ብርድ ካገኛት ትሞታለች። እስክትድን ድረስ ደግሞ ሳፋውን ጨርሶ እንዳታይ አለች። ይህንኑ ወረቀት ላይ ጽፋ ከመርፌዎቹ ጋር ሰጠችን። አባዬ በየስንት ቀኑ ትታጠብ ብሎ ጠየቃት። መለሰችለት። ትንሽ ቆይቶ ያንኑ ደግሞ ጠየቃት። እኔ ጆሮው ነው ብዬ አለፍኩት።

ቤት ስንገባ ግን የልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ዓይኔ ዐረፈ። ስድስት ፎጣ ተሰጥቷል። ሁለት ሰው ለሚኖርበት ቤት ስድስት ፎጣ ምንድን ነው? ማክሰኞ ዕለት ከምሠራበት ቤተ መጻሕፍት ፈቃድ ወስጄ፣ ራሴን አሞኛል ብዬ ቤት ዋልኩ።

ሦስት ሰዓት ላይ ሳፋውን አወጣ። መርፌዋን ከወጋኋት ገና ሰዓት አልሞላም። ዝም ብዬ አየሁት፤ ምናልባት የሐኪሟን ነገር አልሰማ ይሆናል፣ ቀስ ብዬ አስረዳዋለሁ ብዬ። ውኃውን በክንዱ ሞከረ፤ «ነይ እመቤቴ፣ ቀንሽ ደረሰ» አላት፤ አጠባት፤ አደረቃት፤ መለሳት። አምስት ሰዓት ሲሆን እንደገና ሳፋውን አወጣ። «ነይ እመቤቴ፣ ቀንሽ ደረሰ» አለ። ግራንት፣ ያው ድምፅ ነው፤ ያው ጥንቃቄ ነው፤ ሁለት ሰዓት እንኳ እንዳላለፈ አያውቅም። በሩ ላይ ቆሜ እስኪጨርስ አየሁት። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ፣ ብርዱ ሊወርድ ሲል፣ ለሦስተኛ ጊዜ ባልዲውን ሲያነሣ ግን ጮህኩበት።

«አባዬ፣ ልትገድላት ነው እኮ! ዛሬ ብቻ ሦስተኛህ ነው! ቀኑ ደግሞ ማክሰኞ ነው!»

ባልዲውን አስቀመጠ። ፊቴን አየ፤ ከዚያ ቤቱን ዙሪያውን አየ፤ የእማዬ ኮፍያ ይሰቀልበት የነበረውን ባዶ መስቀያም አየ።

«ማክሰኞ ከሆነ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «እናትሽ የት ሄደች? ቤተ ክርስቲያን አይደለችም እንዴ?»

ለካ ነገሩ ይህ ነበር። ቤቱ ጭር ካለ፣ እሷ ከሌለች፣ ለእሱ እሑድ ነው። እሷ ደግሞ ከሦስት ዓመት ወዲህ አንድም ቀን ቤት የለችም። ሞታለች ብዬ ልንገረው? አልቻልኩም። «ትመጣለች» አልኩት። ይህን ውሸት እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም፤ ለአንተ መናገሬ ነው።

ከዚያ በኋላ ያልሞከርኩት ነገር የለም። ሳፋውን ደበቅሁት፤ ዕቃ ማጠቢያው ገንዳ ውስጥ አጠባት። «በሳምንት አንድ ጊዜ፣ እሑድ ብቻ» ብዬ በትልቁ ጽፌ በሩ ላይ ለጠፍኩ፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበና «ልክ ነው» ብሎ ውኃውን መቅዳት ጀመረ። አትሳቅ፤ እኔም ያን ጊዜ ስቄያለሁ፤ ከዚያ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገብቼ አለቀስኩ። ዱልሲ በበኩሏ እየባሰባት ሄደ። ዓይኗን መክፈት ታከታት።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ ሳለሁ አባዬ ገባ። ዱልሲን በሹራቡ ጠቅልሎ ይዟታል፤ በሌላው እጁ የሐኪሟን ወረቀት ይዟል። ፊቱ የድሮው ፊት ነበር፤ ነፋስ የሰበረውን የውኃ መሳቢያ ሊጠግን ሲወጣ የምናውቀው ፊት። ፊት ለፊቴ ተቀመጠ።

«ግዌንዳ፣ ይህችን እንስሳ የምገድላት እኔ ነኝ፤ አይደል?»

አዎ አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ?

«ከእጄ አውጫት። ነገ ብለምንሽ፣ ብቆጣሽ፣ ብሰድብሽ እንኳ እንዳትሰጪኝ። ይህን ያልኩሽ እኔው ራሴ መሆኔን አስታውሺልኝ።»

ተነሥቶ ኮቱን ለበሰና መንገዱን ተሻግሮ ወደ ጎረቤታችን ወደ አክስት ኖሊን ቤት ሄደ። እኔ አምፖሏንና ሣጥኗን ተሸክሜ ተከተልኩት። አክስት ኖሊን በረንዳቸው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ ነበር። እሳቸውን ታውቃቸዋለህ፤ ማንንም ሳይነካኩ አያሳልፉም። «አርባ ዓመት ለከብት ውኃ አወጣህ፤ አሁን ደግሞ የእንሽላሊት ሞግዚት ሆንክ፣ ዴዝ?» አሉት። የመጣበትን ሲነግራቸው ግን ቀልዱን ተዉት። ዱልሲን ተቀብለው ደረታቸው ላይ አደረጓት። ከዚያ እንዲህ አሉት፦ «የእኛ አገር እንሽላሊት አጣቢ የላትም፤ ዝናብ ሲመጣ ጀርባዋን ከፍ፣ ራሷን ዝቅ አድርጋ ትቆማለች፤ ውኃው በጀርባዋ ወርዶ አፏ ይገባል። ዝናብ ካልመጣም ትጠብቃለች። ለእሷ አትዘንላት፤ መጠበቅ ታውቅበታለች።» አባዬ ኮፍያውን አውልቆ አመሰገናቸው። ሲመለስ መንገዱ መሐል ቆሞ ቤታችን የትኛው እንደሆነ ጠየቀኝ።

በማግስቱ እንዳለውም ለመነኝ። ከዚያ ተቆጣ። ከዚያ ሌባ አለኝ፤ የእናትሽን እንስሳ ሸጥሽ አለኝ። አንተው ነህ የሰጠሃት ብዬ ብነግረውም አላመነኝም። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ቃል ከአፉ ሰምቼ አላውቅም። ቢሆንም ቃሌን ጠበቅሁ። ጠዋት ጠዋት እየተሻገርኩ ከአክስት ኖሊን ጋር መርፌዋን እንወጋት ነበር፤ እሳቸው ይይዟታል፣ እኔ እወጋለሁ። በጁን መጨረሻ ጢሟ ወደ ቀለሙ ተመለሰ፤ አንድ ቀን ከእጄ ላይ ቅጠል ነጥቃ በላች። ሐኪሟን በስልክ ስጠይቃት ሳንባዋ ድኗል፣ በሳምንት አንዴ ቀን ላይ አጭር ጊዜ ብትታጠብ አይጎዳትም አለችኝ።

ስለዚህ አሁን እንዲህ እናደርጋለን። እሑድ አራት ሰዓት ላይ አክስት ኖሊን ዱልሲን ይዘው ይመጣሉ። አባዬ ውኃውን ይቀላቅላል፣ በክንዱ ይሞክራል፣ ያጥባታል። አጠገቡ ሆኜ ደቂቃውን እይዛለሁ። አምፖሏ ሥር ደርቃ ስትጨርስ ይዘዋት ይሄዳሉ። በሌላው ቀን ሳፋውን ሲፈልግ ዱልሲ ገና አልመጣችም እለዋለሁ፤ ይህ ደግሞ እውነት ነው። አንዳንዴ ይበቃዋል። አንዳንዴ አይበቃውም፤ ቀኑን ሙሉ በረንዳው ላይ ቆሞ መንገዱን ያያል።

ሆስፒታል ወስጄው ነበር። የመርሳት በሽታ ነው፤ ጀምሯል ብቻ ሳይሆን ርቆ ሄዷል አሉኝ። ከዚህ በኋላ በእኔ አቅም ብቻ የሚያዝበት ጊዜ አጭር ነው። የአረጋውያን መኖሪያው ስሙን መዝግቦልኛል።

ለእማዬ ቀብር አራት ቀን ነበር የቆየኸው። ወቅሼህ አላውቅም፤ ዛሬም አልወቅስህም፤ የእንጀራ ነገር እንደሆነ ይገባኛል። ለአባዬ ግን ለቀብሩ እንድትመጣ አልፈልግም። ያኔ የምትወስደውን ፈቃድ አሁን ውሰድና ና። ማን እንደሆንኩ ለይቶ ያወቀበትን ቀን በየሳምንቱ ልብ እያልኩ ነው፤ ባለፈው ሳምንት አራት ቀን ነበር፤ በዚህኛው ሁለት።

ለኤይልሳ የእኅትነት ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ የላከችው የሱፍ ካልሲ አባዬ እግር ላይ ነው፤ አውልቅ ቢሉትም አይሰማም። ፈርገስንና ሞራግን ግንባራቸውን ሳምልኝ። አክስት ኖሊን ሰላም ብለውሃል፤ ከግቢዬ የሰረቅኸውን ብርቱካን አልረሳሁም በይው ብለውኛል። ዱልሲም ደኅና ናት።

ይህን ልጨርስ ስል አባዬ ገብቶ ለማን ነው የምትጽፊው አለኝ። ለልጅህ አልኩት። ትንሽ አሰበና «ለግራንት? ካፖርቱን ይዞ ይምጣ፤ ብርድ ነው በይው» አለኝ።

እኅትህ ግዌንዳ
ካናማላ፣ ጁላይ 20 ቀን 2019