ባዶው አዳራሽ ለምን ይሞቃል?

ጥር ፳፫ ቀን፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ

በጠራራ ፀሐይ ሹራብ ለምትደርቢው ለብርድዬ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ልጃችን፣ አማቻችን፣ ያ ቀበጥ የልጅ ልጄስ ደኅና ናቸው? እኔ ደኅና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል እንጂ ሜዳ ላይ ጠብ የለንም።

ከባሕር ማዶ የላክሽው ደብዳቤ ደርሶኛል። «ለመጨረሻ ጊዜ ነው የምጠይቅህ፤ ትመጣለህ ወይስ አትመጣም? ክፍልህ ተዘጋጅቷል። እኔ ልጁን ጥዬ እንደማልመለስ ታውቃለህ። አልመጣም ካልክም ቁርጡን ንገረኝና አርፌ ልቀመጥ» ብለሻል። አንቺ «ቁርጡን» ካልሽ ነገሩ እንዳበቃለት አውቃለሁ። በትዳራችን ዘመን ይህን ቃል የሰማሁት ስንት ጊዜ ነው? ከአንድ እጅ ጣት አይበልጥም፤ ሁልጊዜም የተሸነፍኩት እኔ ነኝ።

እኔ ደግሞ መልሴ ምንጊዜም አንድ ነበር፤ «ፋብሪካውን ለማን ጥዬ?» ውሸትም አልነበረም። የእንፋሎት ቦይለሩ፣ ማሞቂያው፣ የጣሪያው ማራገቢያ ሁሉ በእኔ እጅ ነበር የሚከፈተውና የሚዘጋው። እኔ አንድ ጠዋት ብቀር የልብስ ሰፊዎቹ ጣት መርፌ መያዝ አይችልም። አንቺም እዚያው ስትሰፊ ኖረሽ የምታውቂው ነገር ነው።

ዘንድሮ ግን ጉድ መጣ። የነዳጁ ወጪ ሥራ አስኪያጁን እንቅልፍ ሲነሳው ጊዜ፣ «ሙቀታችን የት ነው የሚሄደው?» ብሎ መሐንዲስ አስመጣ። የልጃችን እኩያ የምትሆን ሴት ናት። ሙቀትን ፎቶ የሚያነሳ ካሜራ ይዛለች፤ የሞቀው ቀይ፣ የቀዘቀዘው ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። ከእኔ ጋር ከክፍል ክፍል መዞር ጀመረች። የመጀመሪያ ቀን አኩርፌ ነው የተከተልኳት። ይቺ ልጅ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ወጥታለች አልኩ በሆዴ። እኔ ያረጀሁበትን ቤት ካሜራ ሊያስተምረኝ ነው?

አስተማረኝ። በዕቃ መጫኛው በር ሥር ብርዱ እንደ ጎርፍ ሲገባ በዓይኔ በብሌኑ አየሁ። በየዓመቱ ጆንያ እየወተፍኩ ዘጋሁት ብዬ ስኮራበት የነበረው በር ነው። ከዚያ ካውያ ክፍል ገባን። ያን ሁሉ የእንፋሎት ሙቀት ማራገቢያው በጣሪያ ወደ ሰማይ ይሰደዋል፤ ከግድግዳው ወዲህ ደግሞ እኔ የስፌቱን አዳራሽ ለማሞቅ ነዳጅ አነዳለሁ።

«አባባ፣ ከዚያ እየጣሉ ከዚህ እየገዙ እኮ ነው» አለችኝ።

ሳቅኩኝ። ምን እላለሁ፣ እውነቷን ነው።

በኋላ ወዳንቺ አዳራሽ ደረስን፤ ወደ ኋለኛው። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ሥራ ቀንሶ ተዘግቷል፤ ማሽኖቹ ተነሥተዋል፣ ወንበሮቹ ተደራርበው ጥግ ይዘዋል። መሐንዲሷ በሩን ከፍታ ካሜራዋን አነሣች። መልሳ ዝቅ አደረገችውና አየችኝ። ግድግዳው ዳር እስከ ዳር ቀይ ነው።

«እዚህ ማን ነው የሚሠራው?»

«ማንም።»

«ታዲያ ባዶው አዳራሽ ለምን ይሞቃል?»

ሥራ አስኪያጁ ከኋላችን ቆሟል። መካኒኩም አለ፤ ያ ዝምታው የምትዪው። የማሞቂያው ቧንቧ መዝጊያ፣ ቫልቩ፣ ያፈሳል ልል አፌን ከፈትኩ። ግን ያን ቫልቭ የጠገነው ዝምታው ራሱ ነው፤ ጠብታ እንደማያሳልፍ ያውቃል። እሱ ምስኪን ጫማውን ማየት ጀመረ። እጅ ከፍንጅ ተያዝኩ፣ ብርድዬ።

«ባለቤቴ ብርድ አትችልም» አልኩ።

ከአፌ አመለጠኝ። ታስታውሺ የለ፣ ቦይለሩን እንደለኮስኩ ከሁሉ አስቀድሜ የአንቺን አዳራሽ ነበር የምከፍተው፤ ስትገቢ ሞቆ እንዲጠብቅሽ። አንቺ ሄድሽ፣ አዳራሹም ተዘጋ፣ እጄ ግን አልሰማም። መጀመሪያ እየረሳሁ ነበር። በኋላ ግን እያወቅኩ ነው የከፈትኩት። ዙረቴን ስጨርስ ሻዬን ይዤ አንቺ ትቀመጪበት ከነበረው መስኮት ሥር እቀመጣለሁ። ክፍሉ ሲሞቅ ሰው ያለበት ይመስላል።

ሥራ አስኪያጁ ይጮህብኛል ብዬ ስጠብቅ ጉሮሮውን ጠርጎ ወጣ። መሐንዲሷ ግን ቀስ ብላ «መቼ ነው የሚመለሱት?» አለችኝ።

«እሷ አትመለስም። እኔን ነው የምትጠብቀው» አልኳት።

ይህን ከራሴ አፍ ስሰማው ደነገጥኩ። አንቺ በስንት ደብዳቤ የነገርሽኝ ነገር ነው፤ ያን ቀን ግን ገና እንደሰማሁት ሆነብኝ። ቫልቩን የዘጋሁት እኔው ራሴ ነኝ። ዝምታው ቧንቧው ላይ ክዳን ሲበይድበት እንኳ አጠገቡ ቆሜ ነበር።

አሁን ሁሉም አልቋል። የካውያው ሙቀት በቱቦ ወደ ስፌት ይመጣል፣ በሮቹ ጎማ ተበጅቶላቸዋል፣ ማራገቢያዎቹም ሰው ሳይነካቸው ይፈጥናሉ፣ ይዘገያሉ። ግድግዳ ላይ ያለ አንዲት ትንሽ መሣሪያ አየሩ በሰው ትንፋሽ ሲከብድ ታውቃለች፤ ያኔ ታዛቸዋለች። ጥሩ ነገር ነው፤ አልክድም። ሴቶቹ ካፖርታቸውን አውልቀው ይሠራሉ፣ የነዳጅ መኪናውም እግሩን አሳጥሯል።

እኔን ግን የሚጠራኝ የለም። ድሮ ከወዲህ «አባባ፣ ታፈንን፣ ይክፈቱልን!» ከወዲያ «አባባ፣ በረደን፣ ይዝጉልን!» ሲሉ ያሳብዱኝ ነበር። ቤት ስገባ ላንቺ አማርር አልነበር? ዛሬ «ደኅና ዋሉ» ብለውኝ ያልፋሉ።

በቀደም ሁሉም ምሳቸውን በልተው ሲወጡ እኔ መመገቢያ ክፍል ቀረሁ። ማራገቢያው ቀስ በቀስ ቆመ። እኔም እንደ ቂል ተነሥቼ መሣሪያዋ ሥር ሄድኩና ተነፈስኩባት። ደግሜ ተነፈስኩ። ንቅንቅ አላለችም፤ ለአንድ ሰው ትንፋሽ አትነሣም ለካ። ብቻዬን ሳቅኩኝ። ብርድዬ፣ ብቸኝነቱ ከብዶኛል። ጠዋት ስወጣ ራዲዮኑን ከፍቼ ነው የምሄደው፣ ስመለስ በሩ ላይ ድምፅ እንዲቀበለኝ።

ፋብሪካው አይለቀኝም ስልሽ የኖርኩት ፈርቼ ነው። እዚያ መጥቼ ምን ልሆን? ቋንቋውን አላውቅ፣ ሰው አላውቅ፣ በልጄ ሳሎን እጄን አጣጥፌ «አባዬ፣ አንተ አረፍ በል» ስባል ልውል? እዚህ ቢያንስ የሚከፍትና የሚዘጋ ሰው ነኝ ብዬ ነበር። ይኸው እሱም ቀረ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ከደብዳቤሽ ግርጌ እንደ ዋዛ ጣል ያደረግሽው ነገር አለ። የልጅ ልጃችን መኝታ ክፍል ግድግዳ ያልበዋል፣ ጥጉ ይጠቁራል፣ ቀለም ቢቀባም ተመልሶ ይወጣል፣ ልጁም ያስለዋል፤ አማቻችን የመስኮቱን ክፍተት ሊደፍነው ነው ብለሻል። በይ ስሚኝ፣ እንዳይደፍነው! ያ ክፍል የታመመው ትንፋሽ አጥቶ ነው። ቁም ሣጥኑን ከግድግዳው ፈቀቅ አድርጉት፤ ጠዋት ጠዋት መስኮቱን ለጥቂት ጊዜ ወለል አድርገሽ ክፈቺ፤ ልጁንም ሐኪም አሳዩት። የአየር መውጫው በየት በኩል ይሁን የሚለውን ግን በደብዳቤ መናገር አይቻልም፤ ግድግዳውን በእጄ መዳሰስ አለብኝ። እስክመጣ ድረስ ማንም እንዳይነካው።

ሥራ መልቀቄን ነገ እነግራቸዋለሁ። የሚከለክለኝ አይኖርም።

ፈጣሪ ጤናችሁን ይስጣችሁ፤ ልጁን በደንብ ያሳድግልን፤ ልጃችንን በልጇ ያስደስትልን፤ አንቺንም ለዓይኔ ያብቃልኝ። ለእነሱ «የሚመጣው ለግድግዳው ነው» በያቸው። አንቺ ግን ታውቂያለሽ።

ያንቺው፣
ሽማግሌሽ